ማንም ያላመጣው መርዶ

ሀኒያ በኅዳር መጀመሪያ ከደሴ በመጣ ሚኒባስ ሐይቅ ወረደች። ባጃጅ ደጃችን ድረስ አመጣት። አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል ይዛለች። አርባ ዓመት ይሆናታል። የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ልብስ ለብሳለች። እኔ አጥሩ ሥር ተቀምጬ የበሬ ገመድ እገምድ ነበር። ባጃጁ እስኪሄድ ጠበቀችና ቀረብ አለች።

«እንደምን ከረሙ አንቱ? ሙዘይን ኑርዬ አንቱ ነዎት?»

እንዲህ ብሎ ሰላም የሚል ሰው በከተማችን ካለቀ ቆይቷል። ልጆቹ «ሰላም ነው?» ብለው ያልፋሉ፤ የተማሩት «እርስዎ» ይላሉ። ይቺ ግን የተናገረችው እንደ እናቴ ነው። ዐረብኛ አፏን ትንሽ ጠምዝዞታል፤ ቃሉ ግን የአምባሰል ቃል ነው።

«ነኝ» አልኳት።

«እኔ ሀኒያ ነኝ፤ የሙአዊያ ልጅ። ሙአዊያ የኑርዬ ልጅ ነው። አንቱም የኑርዬ ልጅ ነዎት።»

ገመዱን ከእጄ አላስቀመጥኩም። «አማርኛ ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«እሱ ራሱ፤ አያቴ።»

ያን ጊዜ ነው የጀመረኝ። ቅናት ልብ ላይ ነው ይላሉ። እኔን ያመመኝ ጥርሴን ነው። የቀሩኝን ጥቂት ጥርሶች ነክሼ ገመዱን መገመድ ቀጠልኩ።

አባቴ በ1950 ለማሽላ አጨዳ ገዳሪፍ ብሎ ሲወጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው ይሄድ ነበር፤ በእግሩ፣ በጎንደር አድርጎ በመተማ። ከአባቴ የማስታውሰው ጀርባውን ብቻ ነው። ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጎ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ፊቱን አላስታውስም። ድምፁን አላስታውስም። ሁለት ዓመት ያህል ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ሰላምታ ላከ። ከዚያ ቀረ።

እና ይቺ ሴት ድምፁን በአፏ ይዛ መጣች።

ባለቤቴ ኑርሀያት ከቤት ወጥታ አቀፈቻት። አገላብጣ ሳመቻትና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«የኑርዬ ዓይን ነው፣ ወላሂ!»

«አንቺ የኑርዬን ዓይን የት አይተሽው?» አልኳት። ኑርሀያት እኔን ስታገባ አባቴ ከሄደ ስንት ዓመቱ ነበር።

«ያንተን አላየሁም? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲያፈጥብኝ የኖረውን!»

ሀኒያ ሳቀች። አሳሳቋንም ከማን ወስዳው ይሆን ብዬ አየሁ።

ታሪኳ ረጅም አይደለም። ገዳሪፍ ተወለደች። ካርቱም ተዳረች። ባሏ ቀድሞ ሞተ፤ ልጅ አላገኙም። ጦርነቱ ሲጀመር ወደ አባቷ ወደ ሙአዊያ ተመለሰች፤ እሱም በክረምቱ ታሞ ሞተ። ብቻዋን ስትቀር ድንበር ተሻግራ መጠለያ ገባች፤ እዚያ የአያቷ ነገር ትዝ አላት። «የጨነቀሽ ቀን ሐይቅ ሂጂ። ሙዘይን የሚባል ልጅ አለኝ፤ እሱ አይጥልሽም» ይላት ነበር አለች።

«ይኸው! አልረሳህም» አለች ኑርሀያት ወደ እኔ ዞራ።

እኔ ሌላ ነው ያሰብኩት። ለእሷ እኔን ሰጣት። ለእኔ ማንን ሰጠኝ?

ጓዳውን ከኑርሀያት ጋር ተካፈለች። ሥራ አትመርጥም። ልብስ ስታጥብ በአምባሰል ዜማ ታንጎራጉራለች። ዜማውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሷ ግን አንድ ቦታ ላይ ድምፅዋን ትሰብረዋለች። እናቴም እዚያው ላይ ትሰብረው ነበር። ከአንድ ሰው ነው የተማሩት። እኔ ያንን ሰው አልሰማሁትም።

ሐይቁን «ባሕሩ» ትለዋለች። ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደመና ሲነሳ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ቦታውን ሳታየው ነው የምታውቀው፤ ነግሯታል። ለእኔ የነገረኝ የለም፤ ሰባ ዓመት ሙሉ እያየሁ ነው ያወቅኩት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ ጥንቅሽ አወራች። ማሽላው ሲደርስ ጣፋጩን አገዳ እየመረጠ፣ በጥርሱ እየላጠ፣ ውስጡን ይሰጣት ነበር። «ልጣጩ ከንፈርሽን እንዳይቆርጥሽ ይለኝ ነበር» አለች።

እጄ ሳላውቀው ከንፈሬ ላይ ሄደ። በታችኛው ከንፈሬ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። ሰባት ዓመቴ ላይ ጥንቅሽ ስልጥ የቆረጠኝ ነው። ብቻዬን ነበር የምልጠው።

ፎቶም አላት፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ። አንድ ጎልማሳ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ አሥራ አራት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ቆሟል፤ አባቷ ሙአዊያ ነው። ሰውየው እጁን በልጁ ትከሻ ላይ አሳርፏል። የአባቴን ፊት በሰባ ሁለት ዓመቴ እንዲህ አየሁት። ብዙ አልቆየሁበትም። ዓይኔ ሄዶ ያረፈው ልጁ ላይ ነው። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ልብሱ ሰፍቶታል፤ እጅጌው ጣቶቹን ውጧል፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። ምነው ልኩን አልገዛለትም ብዬ ታዘብኩና ፎቶውን መለስኩላት።

ሁለት ሳምንት ሲሆናት የመታወቂያ ነገር ተነሳ። ያለ መታወቂያ ሥራ የለም፣ የስልክ ቁጥር የለም፣ ደሴ ድረስ እንኳ ያለ ስጋት መሄድ አይቻልም። ቀበሌ ሄድን። መዝገብ የምትይዘው ፋና የምትባል ወጣት ናት። የሀኒያን የሱዳን ወረቀት አየችና መለሰችላት።

«ቤተሰቡን የሚያውቁ ሦስት ሽማግሌዎች ይመስክሩልሽ። አንዱ አጎትሽ ናቸው፤ ሁለት አምጪ» አለች። «ምስክር ካልተገኘ ግን ወደ መጣሽበት መጠለያ ነው የምንጽፍልሽ።»

ሁለቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ሼህ እንድሪስ አለ፤ አብተው አለ። ሁለቱም አባቴን በልጅነታቸው ያውቁታል። አብተው እኩያዬ ነው። እስጢፋኖስ ገዳም ገብቶ ተምሮ፣ ድጓ ላይ ሲደርስ አቋርጦ የወጣ ነው። አፉ ግን አላቋረጠም።

ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሀኒያን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«አያትሽን ደርሰሽበታል ልጄ?»

«አሳድጎኛል እንጂ! ሲሞት አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።»

«በስንት ዓመተ ምሕረት?»

«በዘጠና።»

አብተው ከዘራውን አስቀመጠ። «ሙዘይን፣ አባትህ የሞተው በስልሳ አንድ አይደለም እንዴ?»

ከዘራውን አየሁ።

«እንዴት ይሆናል? ሰደቃውን በልተናል! የክርስቲያኑን በግ ያረድኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያረድኩት በግ ነው፤ ሲያየኝ የነበረውን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።»

በእኛ አገር እስላም ለሟቹ ሰደቃ ሲያወጣ ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ በግ ለብቻ ይሰጣል፤ እነሱ በራሳቸው እጅ አርደው ይበላሉ። ማንም ጎረቤት ጾሙን አይመለስም። ለአባቴም እንዲሁ ነበር የሆነው።

«በሕይወት እያለ ሰደቃ?» አለች ሀኒያ። እኔን ነበር የምታየው።

«ወይ አንቺ ተሳስተሻል፣ ወይ መርዶው ተሳስቷል» አለ አብተው። «መርዶውን ያመጣው ማን ነበር?»

«መንገደኛ ነው። ቆየ እኮ» አልኩ።

«ቆየ ብለህ አትለፈኝ። እኔ በስልሳ አንድ የቀበርኩትን ሰው በዘጠና ሞተ ብዬ ለመንግሥት አልፈርምም። ሼህ እንድሪስም አይፈርምም፤ ዱዓውን ያደረሰው እሱ ነው። አንተ አጣራ። አንተ እንዲህ ነው ካልክ ግን እንፈርማለን።»

ወደ ቤት ስንመለስ ሀኒያ ከፊቴ ቀድማ ትሄድ ነበር።

የማጣራው ነገር አልነበረም። ሁሉንም አውቀው ነበር።

በስልሳ ዓመተ ምሕረት የታረቀኝ አባት ከገዳሪፍ ተመለሰ። ታረቀኝ አብሮኝ ከብት ይጠብቅ የነበረ ልጅ ነው። አባቱ ጃንጥላና የቆዳ ጫማ ይዞ መጣ። ፀሐይም ዝናብም በሌለበት ጃንጥላውን ዘርግቶ ከልጁ ጋር ገበያ መሐል ይመላለስ ነበር። እኔ ከሩቅ እከተላቸው ነበር። በዓመቱ ከታረቀኝ ጋር በውሃ ተጣላን። ሲሸነፍ እንዲህ አለኝ።

«ያንተ አባት እዚያ ሌላ ቤት ሠርቷል። ሌላ ልጅ ወልዷል። ትከሻው ላይ አድርጎት ገበያ ሲሄድ አባቴ በዓይኑ አይቶታል።»

መታሁት። እሱ ወድቆ ሲያለቅስ እኔ ትከሻውን ነበር የማስበው። ማጭድ ያየሁበትን ትከሻ።

ለሌላ ልጅ አባት ከሚሆን ይሙት አልኩ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ወደ ማታ ቤት ገባሁና እናቴን «አባቴ ሞቷል» አልኳት። ማን ነገረህ አለች። አንድ ከመተማ የመጣ ነጋዴ አልኩ፤ በወባ ነው አለኝ፣ ሲቀበርም ነበርኩ አለኝ አልኳት። ስሙን ጠየቀችኝ። አልጠየቅኩትም፣ ወደ ወልዲያ አለፈ አልኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በአባቱ ሞት ይዋሻል ብሎ የሚያስብ የለም። የታረቀኝ አባት እንኳ «አምና ደህና ነበር፣ ምስኪን» ብሎ አለቀሰ። የክርስቲያኑን በግ ከገበያ መርጦ ያመጣልን እሱ ነው።

በሰደቃው ቀን ሽማግሌዎቹ እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። የሞተ አባት ያለው ልጅ ከበሬታ አለው። ጥሎት የሄደ አባት ያለው ግን መሳቂያ ነው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ታረቀኝ ቀናብኝ። በልቼ ጠገብኩ።

እናቴ ኢዳዋን፣ አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ከቤት አልወጣችም። ከዚያ በኋላ የጠየቋት ነበሩ፤ አንዱ ባለ ሁለት ጥማድ በሬ ነው። አላገባችም። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሞተች።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለኑርሀያትም።

አሁን ሀኒያን አውቃታለሁ ብዬ ብመሰክር መርዶው ውሸት ነበር ማለት ነው። መንገደኛ ተሳሳተ ብዬ ማለፍ ይቻላል፤ አብተው ግን እንደዚያ የሚለቅ ሰው አይደለም፣ እኔም ለሁለተኛ ጊዜ ያንን መንገደኛ መፍጠር አስጠላኝ። አላውቃትም ብል ደግሞ ነገሩ ያልቃል። ወደ መጠለያው ትመለሳለች። ድምፁንም፣ ጥንቅሹንም፣ ፎቶውንም ይዛ ትሄዳለች።

ሦስት ቀን ይህንን እያላመጥኩ ዋልኩ። ደስ የሚለኝ ሰዓት እንደነበረም አልደብቅም።

«ልጅቷ ምን አደረገችህ?» አለችኝ ኑርሀያት። «ስታያት እኮ ፊትህ ኮሶ የጠጣ ይመስላል።»

በአራተኛው ቀን ሀኒያ የአያቷን ማሳ አሳየኝ አለችኝ። ከከተማው በላይ ነው፤ ዳገት አለው። አብሬያት ወጣሁ። እርከኑ ጋ ስንደርስ ከእኔ ቀድማ ሄደች። ከታች ቆጠረችና ሦስተኛው ካብ ላይ አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ይህንን ብቻውን ነው ያነሳው፤ ወገቡን የታመመው በዚህ ነው» አለች።

በዚያ ድንጋይ ላይ ስልሳ ዓመት ተቀምጫለሁ። ማን እንዳነሳው አላውቅም ነበር።

ሐይቁ ከታች ይታያል። ከመጣች ጀምሮ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

«ለምን አልተመለሰም?»

«ተመልሶ ነበር እኮ» አለች።

ዞሬ አየኋት።

«መተማ ድረስ መጣ። አባቴ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሐይቅ ደርሼ፣ ሙዘይንን ይዤው እመጣለሁ ብሎ ነው የወጣው። መተማ ላይ አንድ የአምባሰል ሰው አገኘው። ሰውየው ሲያየው ሮጠ። 'አንተ ሙት አይደለህም እንዴ? ባለፈው ዓመት ሰደቃህን በልቻለሁ፤ ልጅህ ከፊት ተቀምጦ ነበር' አለው። አያቴ ሦስት ቀን እዚያው ቁጭ አለ። ከዚያ ተመለሰ።»

«ለምን? ቢመጣስ?»

«'ሚስቴ ኢዳዋን ጨርሳ ባል አግብታ ይሆናል። አሁን ብሄድ የሰው ትዳር አፈርሳለሁ። ልጄም አልቅሶ ወጥቶለታል፤ ሁለተኛ አላስለቅሰውም' ይል ነበር።»

አላለቀስኩም ነበር። በልቼ ነበር የጠገብኩት።

«መርዶ ያመጣውን ሰው ይረግመው ነበር?» አልኳት።

«አይ! 'ተሳስቶ ነው፤ ገዳሪፍ የሚሞት የወሎ ሰው ብዙ ነው፤ አንዱን ከእኔ ጋር አምታቶት ነው' ነበር የሚለው። ሰው አይረግምም ነበር።»

ፎቶውን ከደረቷ አወጣች። ጣቷን ጀለቢያው ላይ አደረገች።

«ይህ የአንቱ ነበር። ይዞልዎት ሲመጣ ነው ከመተማ የተመለሰው። ሳጥን ውስጥ አምስት ዓመት አስቀመጠው። በኋላ ብል ሊበላው ሲል ለኢድ ለአባቴ አለበሰው። ያን ቀን ነው ፎቶ የተነሱት። አባቴ ይጠላው ነበር። 'የሌላ ሰው ልብስ ነው፤ አባቴ እኔን ሲያይ ሌላ ልጅ ነው የሚያየው' ይል ነበር። እስኪሞት ቀናብዎት።»

ፎቶውን ተቀበልኳት። ልጁን አየሁት። በዚያ ሰፊ ልብስ ውስጥ ፊቱ ኮሶ የጠጣ ይመስላል።

ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ተገናኘን። ፋና መዝገቡን ዘረጋች። ሼህ እንድሪስ ወንበር ያዘ። አብተው አግዳሚው ላይ ከዘራውን በእግሮቹ መሐል አቆመ። ኑርሀያት በር ላይ ከሀኒያ ጋር ቆማለች።

«አጣራህ?» አለኝ አብተው።

«አጣርቻለሁ። የወንድሜ የሙአዊያ ልጅ ናት። አባቴ የሞተው በዘጠና ነው።»

«መርዶውስ? ማን ነው ያመጣው?»

«ማንም አላመጣውም። እኔ ነኝ። ሌላ ልጅ አለው ሲሉኝ ቀናሁ፤ ሞቷል አልኩ። ነጋዴ የሚባል ሰው አልነበረም።»

የፋና እስክሪብቶ ቆመ። በር ላይ ኑርሀያት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እሷን ማየት አልቻልኩም።

«አስተግፊሩላህ» አለ ሼህ እንድሪስ። «እኔ እንግዲህ በሕይወት ላለ ሰው ነው ሙት ብዬ ዱዓ ያደረስኩት?»

«አዎ።»

«እናትህስ?» አለ። መልሴን አልጠበቀም። ጺሙን ጎተተ። «ዱዓ አይጠፋም። ለሕያውም ይሆናል። አንተ ግን ተውበት አድርግ።»

«ዱዓውስ ደረሰ እንበል» አለ አብተው። «በጉ ግን በከንቱ ሞተ። አስተያየቱ ገርሞኝ ነበር ለካ! ሰውየው አልሞተም እያለኝ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። እሱም ለማሳቅ አልነበረም ያለው። ተነሳና እስክሪብቶውን ከፋና ተቀብሎ ቀድሞ ፈረመ። ሼህ እንድሪስ ፈረመ። እኔም ስሜን ጻፍኩ፤ ሙዘይን ኑርዬ።

ውጭ ስንወጣ ኑርሀያት ጥላን ቀድማ ሄደች። እንደማታናግረኝ አወቅኩ፤ ስንት ቀን እንደሆነ ብቻ ነው ያላወቅኩት። ሀኒያ ከጎኔ ቀረች። ጥቂት ከተራመድን በኋላ ቆመች።

«አንቱ ባይዋሹ ኖሮ እሱ እዚህ ይቀር ነበር። እኔ አያት አይኖረኝም ነበር» አለች።

አዝና ይሁን አመስግና ከፊቷ መለየት አልቻልኩም። እኔ የሰማሁት ሌላውን ነው። ውሸቴም የጠቀመው እሷን ነው።

መንገዱ ዳር አንዲት ሴት ጥንቅሽ አስራ ትሸጣለች። ሀኒያ አንድ አገዳ ገዛች። ልክ እንደተባለው በጥርሷ ላጠችው፤ ልጣጩን ወደ ውጭ እያጠፈች፣ ሹሉ ከንፈር እንዳይነካ። አብተው ደርሶብን ነበር። የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእሱ ሰጠችው፤ ቅርቧ ስለቆመ ይሆናል።

አየሁ።

«ምነው አፈጠጥክብኝ?» አለ አብተው አፉ ሞልቶ። «በበጌ ፋንታ ነው!»

ሁለተኛውን ከመሐል፣ ከለስላሳው ቆርጣ ለእኔ ዘረጋችልኝ። የሚልጥ ጥርስ እንደሌለኝ ታውቃለች። ተቀበልኳት። በድዴ እየጨመቅኩ፣ ኑርሀያት የሄደችበትን መንገድ ይዤ ወረድኩ።